ግምትም ትምህርት ነው፤ ክፍል ውስጥ ይሰጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በደሴም በኮምቦልቻም በወልድያም ተማሪ ጆሮ የሚገቡ ሁለት ምክሮች አሉ። አንዱ «የማታውቀውን ተወው፤ መገመት ነውር ነው» የሚል ነው። ሌላው «ሁሉንም ሲ (C) አጥቁረህ ውጣ» ይላል። ሁለቱም ልጆቻችንን ነጥብ ያሳጣሉ። ግምት እንደማንኛውም ትምህርት ክፍል ውስጥ ሊሰጥ፣ ልምምድ ሊደረግበትና ሊለካ ይገባል እንላለን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ምርጫ ያላቸው 60 ጥያቄዎች በጭፍን ቢጠቁሩ በአማካይ 15 ይገኛል። በዚህ መንገድ 30 መድረስ ከ10 ሺህ ሙከራ አንዴ እንኳ አይጠበቅም። በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩና ዕድል ያሳልፈኛል ብሎ መግባት ከንቱ ነው። ነገር ግን አጥንቶ የገባ ተማሪ 20 ጥያቄ ቸገረው እንበል። ባዶ ከተዋቸው ዜሮ ነው፤ በጭፍን ከሞላ 5 ያህል ያገኛል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ሰርዞ ከሞላ ወደ 7፣ ሁለት ሰርዞ ከሞላ 10 ይሆናል። ለስህተት ነጥብ የሚቀነስበት ፈተና ከሆነ ስሌቱ ይለወጣልና መመሪያው አስቀድሞ ይነበብ። ያኔም ቢሆን ቅጣቱ ለአንድ ስህተት የአንድ ነጥብ ሲሶ ከሆነ፣ አንድ ምርጫ መሰረዝ ለቻለ ሰው መገመት ያዋጣል።

ዋናው ሥራ መሰረዙ ነው። 49 በ21 ሲባዛ ስንት ነው ተብሎ 929፣ 1029፣ 1031 እና 1129 ቢቀርቡ፣ የመጨረሻው አሐዝ 9 መሆን ስላለበት 1031 ወደቀ። 49 በ20 ብቻ 980 ስለሆነ 929 አነሰ፤ 50 በ21 ደግሞ 1050 ስለሆነ 1129 በዛ። ማባዛት ሳያስፈልግ አንዱ ብቻ ቀረ። ምርጫዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ ደግሞ ከመካከለኞቹ አንዱን መሞከር ነው። አባት የልጁን ዕድሜ አራት እጥፍ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ምርጫዎቹ 8፣ 10፣ 12፣ 15 ናቸው። 12ን ብንሞክር አባት 48 ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ 32 እና 68 ይሆናሉ፤ የ32 እጥፍ 64 ነውና አባትየው አሁንም በለጠ። ልጁን ወደ 15 ብናሳድገው ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ በአንድ ሙከራ 12ም 15ም ወጡ፤ 10ን መሞከር ብቻ ቀረ።

ፊዚክስ ላይ መለኪያው ራሱ ይናገራል። የፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ዙር ጊዜ ቀመር የጠፋበት ተማሪ የሚፈልገው ሰኮንድ ነው። በሜትር የሚለካው ርዝመት፣ በሜትር በሰኮንድ ስኩዌር ለሚለካው ግራቪቲ ሲካፈል ሜትሩ ይጣፋና ሰኮንድ ስኩዌር ይቀራል፤ ስኩዌር ሩቱ ሰኮንድ ይሰጣል። የተገለበጠው፣ ያለ ሩት የቀረበውና የተባዛው ምርጫ ሰኮንድ ስለማይሰጡ ይሰረዛሉ።

ታሪክ ላይ የሚሠራው ቅደም ተከተል ነው። የውጫሌ ውል በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቼ ተፈረመ ተብሎ 1871፣ 1881፣ 1889 እና 1898 ቢቀርቡ፣ ዓመቱን ያልያዘ ተማሪም የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. መሆኑን፣ ውሉም ከጦርነቱ እንደሚቀድም ያውቃል። ሁለቱ ወደቁ። ውሉ የተፈረመው አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ መሆኑን ካስታወሰ 1871ም ወጣ። እዚህ ላይ 1889ን ልብ ይሏል፤ ውሉ የተፈረመበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ፈተና አውጪ የተሳሳተ ምርጫ የሚሠራው ተማሪ በሚሳሳትበት መንገድ ነውና «ይህን አይቼዋለሁ» የሚያሰኝ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ስለሆነች ጥያቄው ለልጆቻችን ጥሩ መልመጃ ነው።

«ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ ሲኖር፣ ከቀሪዎቹ አንዱ ስህተት መሆኑ ከተረጋገጠ ሁለቱ አብረው ይሰረዛሉ። «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» የሚሉት ቃላት ግን ለብቻቸው አያሰርዙም፤ የተፈጥሮ ሕግ ሁልጊዜ ይሠራል። ረጅሙ ምርጫ መልስ ነው፣ ሲ ይበዛል የሚሉት ደግሞ ምንም መሠረት የላቸውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ቢሰጥ ሦስት ዙር እንመክራለን። በመጀመሪያዎቹ 65 ደቂቃዎች የሚታወቀው ብቻ ይሠራል፤ የቸገረው ጥያቄ አጠገብ ስንት ምርጫ እንደቀረ ቁጥር ይጻፋል። በቀጣዮቹ 35 ደቂቃዎች «2» የተጻፈባቸው ይቀድማሉ። በ15 ደቂቃ የቀረው ሁሉ ይሞላል፤ ምንም ፍንጭ የሌለው በአንድ ፊደል ቢጠቁር ዕድሉ ያው ነው፣ ጊዜ ግን ይቆጥባል። የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ለመልስ ወረቀቱ ናቸው። ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚያ ነው፤ 14ኛውን የዘለለ ልጅ የ15ኛውን መልስ በ14ኛው ረድፍ ያጠቁርና እስከ መጨረሻው አንድ ረድፍ ተዛንፎ ይሄዳል። በየ10 ጥያቄው ቁጥር ማመሳከር ከዚህ ያድናል። ሲታረም ላጲሱ በደንብ ያጥፋ፤ ሁለት ምርጫ ጠቁሮ ከተነበበ መልስ አይሆንም። «የመጀመሪያው ግምት አይነካም» የሚባለውም በጥናት ሲታይ አልጸናም፤ ከስህተት ወደ ትክክል የሚለወጠው መልስ ይበልጣል። ለመለወጥ ግን ምክንያት ይኑር፤ ፍርሃት ምክንያት አይደለም።

ደሴ ከተማ ውስጥ ከፍሎ አስጠኚ ማግኘት ለቻለ ልጅ ይህ ሁሉ ይደርሰው ይሆናል። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ ገጠር ለሚመጣው ግን መምህሩ ካላሳየው ማን ያሳየዋል? ስለዚህ የዞናችን ትምህርት ቤቶች በሞዴል ፈተና አንድ ነገር ይጨምሩ፤ ተማሪው ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ላወቀው «አ»፣ ለገመተው «ግ» እና የቀሩትን ምርጫዎች ብዛት ይጻፍ። ሲታረም «ግ» ለብቻው ይቆጠር። ሁለት ምርጫ አስቀርቶ ከገመታቸው 16 ጥያቄዎች 8 ያህል ካገኘ መሰረዙን ችሎበታል። ያገኘው 3 ወይም 4 ከሆነ የሚሰርዘው ትክክለኛውን መልስ ነው ማለት ነው፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደተሳሳተ ተለይቶ እንደገና ሊማረው ይገባል።

የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን
ደሴ፣ ደቡብ ወሎ