የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ሚት» ሥጋ ከመሆኑ በፊት

ክበባችን ቀደም ባሉት ዓመታት አባላቱ በየሳምንቱ አዳዲስ ቃላትን በዝርዝር እንዲይዙ ያደርግ ነበር። የተያዙት ቃላት ግን ከደብተር ወጥተው በንግግርም ሆነ በጽሑፍ እምብዛም ስላልታዩ፣ በዚህ የትምህርት ዘመን ጥቂት ቃላትን ብቻ መርጠን ትርጉማቸው በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ለመመርመር ተስማማን። ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን ዛሬ «ሥጋ» ብለን የምንተረጉመው «ሚት» ነው።

ጥያቄውን ያነሣው አንድ የዘጠነኛ ክፍል አባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመውና በንጉሥ ጄምስ ስም በሚጠራው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 29 ላይ፣ ለሰው የተሰጡት ዘር ያለው ሐመልማልና የዛፍ ፍሬ «ሚት» መባላቸው ግራ አጋብቶት ነበር። አማርኛው በዚሁ ቦታ «መብል» ይላል። አባላቱ የተለያየ እምነት ተከታዮች በመሆናቸውና ክበቡም የቋንቋ ክበብ በመሆኑ፣ ጥቅሶቹን የተመለከትናቸው እንደ ቋንቋ ማስረጃ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ መግለጽ ተገቢ ነው።

የቃሉን ዕድሜ ስንከታተል፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሜተ» የሚባለው ማንኛውም የሚበላ ነገር እንደነበረ ተረዳን። የእንስሳ ሥጋ ደግሞ በዚያ ዘመን የሚጠራው የዛሬው «ፍሌሽ» በተገኘበት ቃል ነበር። ከ1300 ገደማ ጀምሮ «ሚት» ለሥጋ ብቻ ሲውል በጽሑፍ መታየት ይጀምራል፤ ሆኖም ጠባቡ ትርጉም ሰፊውን ወዲያው አላስወጣውም፤ ሁለቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። «ሚት» የሥጋን ቦታ እየያዘ ሲሄድ «ፍሌሽ» በአብዛኛው ወደ ሕያው አካል አዘነበለ። ዘመድ ቋንቋዎች የቀድሞውን ሁኔታ እስከ ዛሬ ጠብቀዋል፦ በስዊድንኛ «ማት» ምግብ ነው፤ በጀርመንኛም «ፍላይሽ» የሚበላ ሥጋ ነው።

ክርክሩ የጋለው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ ስንደርስ ነበር። የ1611ዱ ትርጉም መሥዋዕቱን «ሚት ኦፈሪንግ» ይለዋል፤ ከመልካም ዱቄት፣ ከዘይትና ከዕጣን በቀር ግን በውስጡ አንዳች ሥጋ የለም። አማርኛው «የእህል ቁርባን» በማለቱ አንባቢውን አያሳስትም። እንግሊዞቹም ውለው አድረው ችግሩን ስለተገነዘቡት በ1885 በወጣው የተሻሻለ ትርጉም ላይ «ሚል ኦፈሪንግ» ብለው ለውጠውታል፤ እዚህ ላይ «ሚል» የተፈጨ እህል ማለት ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 3 የመጥምቁ ዮሐንስ «ሚት» አንበጣና የበረሃ ማር መሆኑን ያሳየችን ደግሞ ሌላ አባል ናት፤ ማርን ሥጋ ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ስለማይኖር፣ ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ አልነበረም።

ይኸው ውይይት ወደ ራሳችን ቋንቋ መራን። «እህል» ስንል ጤፍንና ስንዴን እንጠራለን፤ «ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» የሚል ሰው ግን ሥጋውንም ወጡንም ጨምሮ ምንም አለመብላቱን መናገሩ ነው። በእኔ አስተያየት የዓመቱ ምርጥ ምሳሌ ይህ ነው፤ አንድ ቃል ጠባብና ሰፊ ትርጉም ይዞ ተናጋሪውን ሳያደናግር እንደሚኖር አባላቱ ያመኑት ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ በዚህ ነበርና።

የአሮጌው ትርጉም ቅሪቶች በዛሬው እንግሊዝኛም አልጠፉም። «ስዊትሚት» ጣፋጭ ከረሜላና የመሳሰለው ነው፤ የለውዝና የመሰል ፍሬዎች የሚበላው ክፍልም «ሚት» ይባላል። «ማይንስሚት» ግን ከዚህ ወገን መቆጠሩን እኔ አልተቀበልኩትም፤ ዛሬ በአብዛኛው የደረቁ ፍራፍሬዎች ድብልቅ ቢሆንም ቀድሞ በእርግጥ የተከተፈ ሥጋ ይገባበት ነበር።

ሌሎቹን ቃላት በአጭሩ ነው ያየናቸው። «ገርል» በመካከለኛው ዘመን ወንድም ሴትም ልጅ ይጠራበት ነበር፤ «ስታርቭ» ደግሞ መራብን ብቻ ማመልከት ከመጀመሩ በፊት በማንኛውም ምክንያት መሞት ነበር። ዛሬ አጋዘንን የሚጠራው «ዲር» ጥንት ማንኛውም አውሬ የነበረ በመሆኑ፣ መጥበቡ ከ«ሚት» ጋር ስለሚመሳሰል፣ የመጪው ዓመት ጥናት በእርሱ እንዲጀመር አባላቱ ወስነዋል።