ቡናማ ነጥብ ያወጣ አበባ መድኃኒት ከመረጨቱ በፊት ሥሩ ይታይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ የቤት አያያዝ ዓምድ ላይ፣ የቤት ውስጥ አበቦች ቅጠል ቡናማ ነጥብ ሲያወጣ በሽታው ፈንገስ ስለሆነ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በየሳምንቱ ይረጭ የሚል አጭር ምክር አንብቤአለሁ። ምክሩ በቅን ልቦና የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁንና ክረምቱ ረጅም በሆነበት በእኛ በጅማ ይህንን የተከተለ ሰው አበባውን ሳያድን መርዝ ወደ ሳሎኑ እንዳያስገባ ስለምሰጋ፣ የሥራ ዘመኔን በቡና በሽታ መከላከል ያሳለፍኩ ጡረተኛ እንደመሆኔ የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ እንዳካፍል ይፈቀድልኝ።

ቡናማ ነጥብ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት ለያዘው ሰው ሁሉ ደሙ ሳይታይ የወባ ኪኒን እንደማይሰጠው ሁሉ፣ ቅጠሉ የነጠበ ተክልም መጀመሪያ ሊመረመር ይገባዋል።

በጅማ ቤቶች ካየኋቸው የታመሙ አበቦች (በእኛ አነጋገር አበባ ባያወጣም የቤት ተክል ሁሉ አበባ ነው) አብዛኞቹን የጎዳቸው የውሃ መብዛት ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ሰማዩ በደመና በሚሸፈንባቸው ወራት በቤት ጥግ የተቀመጠ ተክል የሚጠጣው ውሃ በበጋ ከሚጠጣው እጅግ ያነሰ ነው። እኛ ግን በጥር የጀመርነውን በየማለዳው አንድ ጣሳ የማጠጣት ልማድ በሐምሌም አንተውም። በዚያ ላይ ተክሉ ያለበት የዘይት ጣሳ ወይም የቀለም ባልዲ ከሥሩ ያልተበሳ ከሆነ፣ ውሃው ከታች ተጠራቅሞ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣዋል፤ አየር ያጣው ሥርም ይታፈንና በአፈር ውስጥ ለሚኖሩ አበስባሽ ተሕዋስያን ይጋለጣል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ ይጠማዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ እድፍም ይወጣባቸዋል። ባለቤቱ ቅጠሉ ጠውልጎ ሲያገኘው የደረቀ ይመስለውና ሌላ ጣሳ ይጨምርበታል።

ምርመራው ከጣት በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቶ እርጥበት መኖሩን ማየት፣ ማሰሮውን አንስቶ ክብደቱን መመዘን፣ አፈሩንም ማሽተት ይበቃል። ጥርጣሬ ካለ ተክሉን ከነአፈሩ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው፤ ጤናማ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ሲሆን፣ የበሰበሰው ደግሞ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ልጡ ተልጦ እንደ ክር ያለ ነገር በእጅ ላይ ይቀራል። የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አዲስ አፈር ውስጥ፣ ሥሩ በተበሳ ማሰሮ መልሶ መትከልና የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ውሃ መከልከል ነው ሕክምናው።

ሁለተኛው ጉዳት ከቡና ሥርዓታችን ጋር የተያያዘ ነው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ የጀበናውን አተላና የስኒዎቹን እጣቢ በቅርብ ባለው አበባ ላይ መድፋት የተለመደ ነው። ጥቂት አተላ ባልከፋ፤ ነገር ግን በአካባቢያችን ቡናውን በጨው የሚጠጣ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፣ ጨው ደግሞ በተደጋጋሚ ሲደፋ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ከእርሻ የተረፈ ዩሪያ በማንኪያ መጨመርም ውጤቱ ይኸው ነው፤ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ለአንዲት ትንሽ ማሰሮ አንድ ማንኪያ ከመጠን በላይ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ከቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ጀምሮ በማድረቁ ይታወቃል። መፍትሔውም ማሰሮውን ውጭ አውጥቶ፣ ከሥሩ ቀዳዳ እየወረደ እንዲያጥበው ብዙ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ አንባቢዎች ድራሴና የሚባለው የቤት ተክላቸው የቅጠሉ ጫፍ ቢደርቅ ጨው ብቻ አይጠርጥሩ፤ በዚያ አካባቢ የሰውን ጥርስ የሚያበልዘው የውሃው ፍሎራይድ የዚህን ተክል ቅጠልም ያቃጥላል።

በመስኮቱ በኩል ብቻ የነጣና እንደ ወረቀት የደረቀ እድፍ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ አበባም እንዲሁ ይለበለባል። ሁለቱም የሚድኑት ቦታ በመለወጥ ነው።

እውነተኛ በሽታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። የፈንገስ ነጥብ በአብዛኛው ክብ ነው፤ እንደ ቀለበት የተደራረበ ጠርዝ ሊኖረው፣ መሐሉም አመድማ ሆኖ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሊታዩበት ይችላሉ። የባክቴሪያው ደግሞ መጀመሪያ ውሃ የነካው ወረቀት ይመስላል፤ የቅጠሉ ጅማቶች ስለሚያግዱት ማዕዘን ያለው ቅርጽ ይይዛል፣ ዙሪያውም ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ሁለቱም የሚበረቱት ውሃ ቅጠል ላይ ለሰዓታት ሲቆይ ነው። በቡና ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ሰርኮስፖራ የሚባለውን የቅጠል ነጥብ ያውቀዋል፤ ፈንገስ መሆኑ እርግጥ ቢሆንም የሚጠናው ጥላና ናይትሮጅን ባነሰው ችግኝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ሲገባም ርጭት ተሞክሯል፤ ለገበሬው ዘላቂ መፍትሔ የሆነው ግን በታመሙት መካከል ሳይታመሙ የቆሙትን ዛፎች መርጦ ማባዛት ነበር።

ለቤት አበባ የሚበጀው የታመመውን ቅጠል በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቆርጦ መጣል፣ ውሃን ቅጠሉን ትቶ አፈሩ ላይ ማፍሰስ፣ ተክሎቹን ማራራቅና መስኮት መክፈት ነው። በየግብርና ኬሚካል መሸጫው የሚገኘው ማንኮዜብ የተባለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጤነኛውን ቅጠል ከአዲስ ፈንገስ ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም፤ በባክቴሪያ ላይ ብቻውን አይረዳም፣ ወደ በሰበሰው ሥርም አይወርድም። ይህን ዱቄት ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል፣ ልጆች በሚጫወቱበትና መሶብ በሚቀርብበት ክፍል ውስጥ መርጨት የሚያስከትለው አደጋ ከአንድ ቅጠል ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ነጥብ የሚመስል ሁሉም ነጥብ አይደለም። በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ቡናማ ጉብታ ቅርፊት ለባሽ ነፍሳት ነው፤ ደቃቅ ነጠብጣብና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ካለ ደግሞ ምስጥ ሳይሆን ማይት የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ሁለቱንም በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ የቅጠሉን ሆድ ጭምር በየሳምንቱ መጥረግ ያቀላቸዋል። እኔ ራሴ ስንት ዓመት የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለውን የፈንገስ በሽታ ስመረምር ኖሬ፣ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን በቤታችን ፈርን ቅጠል ሥር ቡናማ ነጥቦች ተደርድረው ባገኝ ዋግ ነው ብዬ ግማሹን ቆርጬ ጥያለሁ። ለካ ፈርን የሚራባበት ዘር መሰል ዱቄት የሚይዝበት ቦታ ኖሯል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልማረችኝም።

አንዲት ጎረቤቴ ዲፈንባኪያ የሚባለው የቤት ተክሏ ሲነጥብባት፣ ከሂርማታ ገበያ በኩል በላስቲክ ተቋጥሮ የተሸጠላትን ስም የሌለው ዱቄት በጥብጣ ሦስት ጊዜ ረጭታለች። ባልዲውን ገልብጬ ባየው አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። በምስማር አራት ቦታ ስንበሳው ሻይ የመሰለ ሽታው የሚከብድ ውሃ ወረደ። አፈሩን ለውጠን ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለት ንጹሕ ቅጠሎች አውጥቷል። በድሮዎቹ ቅጠሎች ላይ ያሉት ነጥቦች ግን ዛሬም እንዳሉ ናቸው፤ የሞተ የቅጠል ክፍል ተመልሶ አረንጓዴ ስለማይሆን፣ ተክል መዳኑ የሚታወቀው በአዲሱ ቅጠል ነው።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ የመድኃኒት ስም ከመጥራቱ በፊት ጠያቂው በስንት ቀን ውሃ እንደሚያጠጣና ማሰሮው ከሥሩ የተበሳ መሆኑን እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ ከጅማ