አሲዳማ አፈርም ነዋሪ አለው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አፈር አሲዳማነት ያወጣችሁትን አነበብኩት። አሲዱን ለማብረድ አፈር ላይ የሚበተነውን የኖራ እጥረቱንም የማጓጓዣ ጣጣውንም ቁልጭ አድርጋችሁ ጽፋችኋል፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ጽሑፉን ላነበበ ሰው አሲዳማ መሬት ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር የቀረ አይመስለውም። ኧረ አለ! እንዲያውም አሲዱ የተመቸው ሞልቷል።

አሲዶባክቴሪያ ይባላሉ። አንድ ዝርያ እንዳይመስላችሁ፤ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ፋይለም የሚለው፣ በውስጡ ብዙ ቡድን ያለው ሰፊ የባክቴሪያ ክፍል ነው። አንዱ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1991 ስም ወጣለት፣ ጃፓን ውስጥ ከማዕድን ማውጫ በሚወጣ አሲዳማ ውሃ ተገኝቶ። በኋላ ከየአገሩ አፈር ዲኤንኤ እየተወሰደ ሲነበብ ግን በአማካይ ከአፈር ባክቴሪያ 20 በመቶ ያህሉ እነሱ ሆነው ተገኙ። ታዲያ እስከዚያ የት ነበሩ? እዚያው። ላብራቶሪ ውስጥ ምግብ የሞላበት ሳህን ላይ ሲደረጉ ፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች ሳህኑን በአንድ ሌሊት ይወርሩታል፣ እነዚህ ደግሞ ሰርግ ቤት እንደገባ ዓይናፋር ጥግ ይዘው ይቀራሉ። ምግቡን አቅጥኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የታገሠ ነው የሚያያቸው።

ሥራቸው? ገለባና የረገፈ ቅጠል ውስጥ ያለውን ሴሉሎስ፣ ማለትም የተክል አካል የሚገነባበትን ጠንካራ ነገር፣ እና መሰሎቹን ቀስ እያሉ መሰባበር። አንዳንዶቹ የሚያጣብቅ ስኳር ያመነጫሉ፤ አፈሩን አያይዞ እርጥበት እንዲይዝ ሳያግዝ አይቀርም ይባላል።

እኛ አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገብሱ እምቢ ያለው ገበሬ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሏል። በአራት አምስት ዓመት ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ ከዚያ ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉ ሥር ያለውን ቅጠል ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥር የጠቆረና ሲነኩት የሚፈረካከስ፣ ግማሹ አፈር የሆነ። በራሱ አይደለም እንዲህ የሆነው፤ ፈንገሱም ባክቴሪያውም ሠርቶበታል።

ኖራ አይበተን ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረሱም ተክሉ እንዳያገኘው ሆኖ ይታሰራል፤ ማዳበሪያ ቢደፉበት ብሩ ነው የሚቀበረው። ግን ኖራ ሲገባ ነዋሪዎቹም ይቀያየራሉ። ከአሲዶባክቴሪያ መሃል አሲድ ወዳዱ ቡድን ይቀንሳል፣ ሌላው ደግሞ ፒኤች ከፍ ሲል ይበረታል።

ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ስትመለሱ የኖራ ኩንታል ብቻ አትቁጠሩልን። የአፈር ማይክሮባዮሎጂ የሚሠራ ሰው ፈልጉና ጠይቁልን፦ ኖራ የገባበት ማሳ ላይ ገለባው ቶሎ ይበሰብሳል ወይስ ይዘገያል? ዲከረንስ የከረመበትስ?

አንባቢያችሁ፣ ከእንጅባራ