የማዳበሪያውን ብር በተመለከተ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። የላክሽው ብር ደርሶኛል። "አባዬ፣ ለከርሞ ማዳበሪያውን እጥፍ ግዛና ከአቀንጭራው ተገላገል" ያልሽው፣ ያቺን የማሽላ ጥገኛ አረም ማለትሽ ነው፣ ነገር ግን ሲከነክነኝ አደረ። ስልኩ እየተቆራረጠ አላነጋግር ስላለን ይኸው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ትናንት ጠዋት ዳገቱ ላይ ካለው ማሳ አንዷን አቀንጭራ ዙሪያዋን ቆፍሬ አወጣኋት። ከላይ ሐምራዊ አበባዋን ስታዪ ለጌጥ የተተከለች ነው የምትመስለው። ከታች ግን ነጩ ግንድ ወርዶ ወርዶ የማሽላው ስር ላይ እንደ መዥገር ተጣብቋል። ማሽላው ከጉልበቴ አላለፈም። ጓሮ ያለው፣ ፍግ የሚደፋበት፣ ዘሩ ያው የሆነው ማሽላ ደግሞ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ አቀንጭራም ፈልጌ ያገኘሁበት ሁለት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽላ ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ፎስፈረስ ደግሞ አፈሩ ላይ ሙጭጭ ይላል፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ስሩ አጠገቡ ያለችውን ለቅሞ ሲጨርስ፣ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሞልቶ እያለ ይራባል። ያኔ ፈንገስ ይጠራል። ፈንገስ ስልሽ ዋግን እንዳታስቢ፣ ይሄኛው ወዳጅ ነው። ስሩ ውስጥ ይገባና ከጸጉር የቀጠኑ ክሮቹን አፈሩ ውስጥ ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣል፣ ዚንክም ጭምር። ማሽላው በልዋጩ ስኳርና ቅባት ይከፍለዋል። ማሽላው ሲጠግብ ግን ጥሪውን ይቀንሳል፣ በሩንም ገርበብ ያደርጋል፤ የራሱ ካለው ለምን ይከፍላል? (እንዲህ ያለ ሰው እኛም ሰፈር አለ።)

ጥሪው ስሩ የሚለቀው ኬሚካል ነው፣ ስትራይጎላክቶን ይባላል። ስሙ የወጣው ከአቀንጭራ የሳይንስ ስም፣ ከስትራይጋ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የታወቀው የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ በመቀስቀሱ ነበር። ተክል ጠላቱን ምን ሆኖ ይጠራል? ይህ ነገር ለዓመታት ግራ ሲያጋባ ኖረ። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ኬሚካሉ የዚያን ወዳጅ ፈንገስ ክር እንደሚያበራክት ሲያሳዩ እንቆቅልሹ ተፈታ። ማሽላው የሚጣራው ወዳጁን ነው፣ አቀንጭራዋ መንገድ ላይ ትሰማለች። እሷ ዘሯን አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ አስተኝታ ይህችን ጥሪ ነው የምትጠብቅ። የኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው ነው፤ ከነዚያ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጣሩ ናቸው።

እንግዲህ ዳገቱ ላይ ያለው ማሽላ ተርቦ ሌት ተቀን ይጮሃል፣ የጓሮው ጠግቦ ዝም ብሏል። ስለዚህ ማዳበሪያ ጨምር ማለትሽ ከነጭራሹ ስህተት አይደለም። ናይትሮጅንም ሲጎድለው ማሽላው ይጮሃልና ዩሪያውም ያስፈልጋል። እጥፉ ላይ ነው የማልስማማሽ። ፎስፈረሱን በገፍ ካፈሰስኩበት ፈንገሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ትርፉንም አፈሩ ይዞ ያስቀርብኛል፣ ከርሞም ያንኑ ያህል ግዛ እባላለሁ። የአንቺ ደሞዝ እዚያ ዳገት ላይ ሲቀበር ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ማዳበሪያውን በልኩ እገዛለሁ። በተረፈው ብር ሠራተኛ ይዤ የጓሮውን ፍግ ወደ ዳገቱ አስጭናለሁ፣ በአህያ ስንት ምልልስ እንደሚሆን ወንድምሽ ያሰላው። አቀንጭራዋን ደግሞ ዘር ሳታፈስ መንቀል አለብን፣ አንዷ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ነው የምትበትን። ለመስቀል የምትመጪ ከሆነ አሮጌ ልብስ ያዢ፣ እናትሽ "እንግዳ ናት፣ አታሠሯት" ብትልም አልሰማትም።

አባትሽ