የሂል ስትሪት መስኮቶች ቀለም የ1934 አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ሲንጋፖር ስላለው የቀድሞው የሂል ስትሪት ፖሊስ ጣቢያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ፎቶግራፉ ያምራል። ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ ግን ሕንፃው «የጥንት ቀለሙን እንደያዘ ታድሷል» ይላል፤ ይህ ልክ አይደለም። አሮጌ ሕንፃ መጠገን ሥራችን ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ሕንፃውን ለማየት የሚሄድ አንባቢ የትኛው የ1934፣ የትኛው የቅርብ ጊዜ ሥራ እንደሆነ ለይቶ ቢያውቅ ጉብኝቱ እጥፍ ይሆንለታል።

ሕንፃው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሲንጋፖር በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ለፖሊስ ጣቢያነትና ለፖሊሶች መኖሪያነት የተሠራ ባለ ስድስት ወለል ቤት ሲሆን፣ በጊዜው ከነበሩት የመንግሥት ሕንፃዎች ትልቁ ነበር። ጃፓኖች ከተማዋን በያዙበት ዘመን፣ ከ1942 እስከ 1945፣ እስረኞች ይሠቃዩበት እንደነበር ይነገራል። ፖሊስ በ1980 ለቀቀው፤ ቀጥሎ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገባበት፤ ዲሴምበር 18 ቀን 1998 ደግሞ በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ። የመስኮቶቹ የቀስተ ደመና ቀለም የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2000 ገደማ ቤቱ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሲታደስ ነው። ስለዚህ ግድግዳው፣ ወጣ ወጣ ያሉት ሰገነቶች፣ የመስኮቶቹ አደራደርና ልክ የቅኝ ግዛቱ ዘመን ናቸው። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆነው የሚታዩት 927 መስኮቶች ቀለማቸው የእኛ ዘመን ሰዎች ምርጫ ነው።

ይህን ስንል ቀለሙን እየነቀፍን አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ሥራ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንም ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ነው። ግድግዳው ፈዘዝ ባለ አንድ ቀለም ተትቷል፤ ድምቀቱ መስኮቶቹ ላይ ብቻ ነው። የመስኮት መዝጊያ ከጥንትም በየጥቂት ዓመቱ ተፍቆ የሚቀባ ነገር ነው፤ ነገ አንድ ትውልድ ወደ አንድ ቀለም ልመልሰው ቢል መፋቂያና ብሩሽ ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቀላል አይሆንም ነበር፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው። ሕንፃው ሂል ስትሪትና ሪቨር ቫሊ ሮድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ከፎርት ካኒንግ ኮረብታ ግርጌ ነው። በባቡር ክላርክ ኪ ጣቢያ ወርዶ ወንዙን በኮልማን ድልድይ መሻገር ነው፤ ከድልድዩ ጫፍ ሁለቱም ፊቶቹ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ሲንጋፖር ከምድር ወገብ በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። አናት ላይ የምትደርሰው ግን በ6 ሰዓት ሳይሆን በ7 ሰዓት ገደማ ነው፤ የአገሪቱ ሰዓት ከፀሐይዋ አንድ ሰዓት ያህል ይቀድማልና። ወደ ሂል ስትሪት የሚያየው ፊት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ከጎን እየመጣ ቅርጹን ያወጣዋል። በ7 ሰዓት የሄደ ሰው የሚያገኘው ከእያንዳንዱ ሰገነት ሥር የተንጠለጠለ ጥቁር ጥላ ነው። ቀለሙን ብቻ ማየት የፈለገ ደግሞ ደመናማ ቀን ይምረጥ፤ ፀሐይ ሲበረታ ቢጫው ነጭ ይመስላል፣ ሐምራዊው ይጠቁራል። ውስጡ ዛሬም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ጎብኚ የሚደርሰው በመስታወት እስከ ተሸፈነው የምድር ወለል አደባባይ ድረስ ነው፤ ላይኛው የሠራተኞች ነው።

ዓይንን በአንዱ መስኮት ላይ ማቆየት ከ927ቱ ይልቅ ያስተምራል። መዝጊያው እኛ ፐርሲያና የምንለው ነው፦ ግራና ቀኝ ቋሚ እንጨት፣ መካከሉ ላይ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው የተደረደሩ ጠባብ ሳንቃዎች። አየር ያስገባል፣ ዝናብና ፀሐይ ይከለክላል። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ይህ ዓይነቱ መዝጊያ መበስበስ የሚጀምረው ከሳንቃው ፊት ሳይሆን ሳንቃው ከቋሚው እንጨት ጋር ከሚገጣጠምበት ጫፍ ነው። የእንጨት ጫፍ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ቀለሙ እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ከተሰነጠቀ ውሃው ገብቶ መውጫ ያጣል። ቀጥሎ የሚያልቀው የታችኛው አግዳሚ ነው። ጎበዝ ቀቢ ፊቱን ከመንካቱ በፊት ጫፎቹን በቀጭን ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባው መነሻ ቅብ) ደጋግሞ ያጠግባል፤ የተበሳበሰውን ቆርጦ በእንጨት ይተካል እንጂ ስቱኮ አይሞላበትም፤ ከእንጨቱ ጋር የማያብጥና የማይኮማተር ስቱኮ በዓመቱ ጠርዙን ይለቃልና። ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ ደግሞ ሳንቃዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ክንፉ መግጠም ያቅተዋል፣ ያን ጊዜ ሰው በኃይል ይገፋዋል፣ ማጠፊያው ይነቀላል። ስለዚህ አሮጌው ንብርብር ሲወፍር መፋቅ ግድ ነው።

የቀለም ድምቀት ዋጋም አለው። በብረት ኦክሳይድ የሚሠሩ ቀይ፣ ቡናማና የአፈር ቢጫ ፀሐይ አይበግራቸውም። ደማቅ ቢጫ፣ ደማቅ ቀይና ሐምራዊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኦርጋኒክ ማቅለሚያ ስለሚሠሩ፣ በተለይ ከነጭ ጋር ሲቀላቀሉ ቶሎ ይገረጣሉ። እንዲህ ባለ ፊት ላይ ሁሉም እኩል አያረጅም፤ አንዱ የመስኮቶች ዓምድ ሲደበዝዝ ጎረቤቱ ደምቆ ይቆያል፣ ቅደም ተከተሉም ይፋለሳል። አንድ ቡድን በቀን አራት መስኮት ቢጨርስ 927ቱን ለመዳረስ 232 የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ያውም ዝናብ ካልከለከለው። ሥዕሉን አይተው «እኛም እንዲህ እንቀባው» የሚሉ የሕንፃ ባለቤቶች ይህን ስሌት አስቀድመው ቢሠሩ እንወዳለን።

የአንድ ቤት የመጀመሪያ ቀለም ምን እንደነበር ማወቅ ይቻላል፤ በግምት መቀባት ስንፍና ነው። ዝናብና ፀሐይ የማይደርስበት ማዕዘን፣ ለምሳሌ ከማጠፊያው ጀርባ፣ ይመረጣል። በስለታም ምላጭ እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲታይ እንደ ደረጃ ይፋቃል፤ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነኩ ይለሰልሳል፤ ከዚያ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይታያል። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው፣ ፕራይመሩን እንደ መጨረሻ ቀለም መቁጠር ነው፤ በሁለት ንብርብር መካከል ቀጭን የአቧራ መስመር ከሌለ ሁለቱም የአንድ ጊዜ ቅብ ናቸው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የዘይት ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፤ ተፍቆ እንደወጣ «ክሬም ነበር» ተብሎ የተጻፈለት ስንቱ ነጭ ነው! ጥቂት ቀን ብርሃን ላይ ትቶ እንደገና ማየት ነው። በ1930ዎቹ የተቀባ እንጨት ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋግም፣ በእሳት አይለበለብም፤ ተነክሮ ይፋቃል፣ ፍቃፊው ተለቅሞ ይወገዳል።

ግድግዳን በተመለከተ ሲንጋፖር ውስጥ ሌላ ቦታ መመልከት ይሻላል፦ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆኑት፣ ተያይዘው የተሠሩ ባለ ቀለም ቤቶች። የጡብ ግድግዳቸው በኖራ የተለሰነ ነው። ኖራ እርጥበቱን ወደ ውጭ እየተነፈሰ ይኖራል። ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም የተቀባበት ግድግዳ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ገደማ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ሲነካ ቅርፊቱ ልስኑን ይዞ ይወድቃል፣ ከሥሩ ነጭ ጨው ይታያል። ያን በሲሚንቶ መጠገን እርጥበቱን ከፍ ወዳለ ቦታ ይገፋዋል እንጂ አያቆመውም። ትክክለኛው ግድግዳውን አርሶ፣ እንደ ወተት የቀጠነ የኖራ ቅብ በየቀኑ እየደረቀ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ መቀባት ነው፤ ማቅለሚያውም ኖራ የማያቃጥለው የአፈር ቀለም መሆን አለበት። ለዚህ ነው ጥንታዊ የኖራ ግድግዳ ላይ የሚታየው ቀለም ለስለስ ያለ የሚሆነው። ቤት ሲጎበኙ ቀለሙ እንደ ቆዳ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወደ ታች ወደ ግድግዳው እግር ማየት ነው።

የከተማው ፕላን ባለሥልጣን ለቅርስ ቤቶች ያወጣው መርሕ የተቻለውን ያህል ማቆየት፣ በጥንቃቄ ማደስ፣ በማስተዋል መጠገን የሚል ነው። የሂል ስትሪቱ ሕንፃ በዚህ ሚዛን ሲታይ የቆየው ብዙ፣ የተጨመረው ደግሞ ሊነሣ የሚችል ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለዚህ የደከሙትን እናከብራቸዋለን።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶግራፉ ዳግመኛ ሲወጣ ከሥሩ ሁለት ዓመት ይጻፍልን፤ ግንባታው 1934፣ የመስኮቶቹ ቀለም 2000 ገደማ።

አሮጌ ሕንፃዎችን በመጠገን ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ