በእግሬ ላቆማችሁኝ ሁሉ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክራንቹን ጥያለሁ። ሐኪሙም "ቀስ እያልሽ መጫወት ትችያለሽ" ብሎ ካፖዌራን፣ ያን ትግልና ጭፈራ በሙዚቃ የተቀላቀለበትን የብራዚል ጨዋታ፣ ፈቅዶልኛል።

በረዶ ላይ ወድቄ እግሬ ከተሰበረ ጀምሮ ያልደወለ፣ ያልጠየቀኝ የለም። ስም ብጠራ የዘለልኩት ሰው ይቀየመኛል። ስለዚህ በጅምላ ክበሩልኝ! የሲልቨር ስፕሪንግ ማኅበርተኞቼ፣ አጥሚታችሁና የቅልጥም ሾርባችሁ ፍሪጄን አጣቦት ከረመ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና "እዛ አገር ወጌሻ የለም እንዴ?" እያለች ስትጨነቅ ያረፈችው እናንተ እንዳላችሁልኝ ስታውቅ ነው።

ብራዚላዊውን የካፖዌራ መምህሬን ግን ለብቻው ማመስገን አለብኝ። "በቃ፣ ካፖዌራ ለኔ አበቃ" ስለው አልመከረኝም፣ አልተቆጣኝም። በማግስቱ ቤሪምባውን፣ የካፖዌራን ባለ አንድ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ይዞ መጣ። ዘንጉን ለመጥ አድርጎ ሽቦውን ወጠረ፣ ቅሉን ሆዱ ላይ አስደግፎ በቀጭን እንጨት መታ መታ አደረገው። ሊጠይቁኝ የመጡ አንዲት እናት "ማሲንቆ ነው?" አሉ። ሽቦው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የወጣ መሆኑን ሲሰሙ አማተቡ።

ከዚያ ስለራሱ መምህር ስለ ሜስትሬ (የካፖዌራ ሊቅ ማለት ነው) ዡዋው ግራንጂ አጫወተን። በፈረንጅ 1933 በብራዚሏ ባሂያ ግዛት ውስጥ ኢታጂ ተወለዱ። ልጅነታቸው በእርሻ ሥራ አለፈ። ካፖዌራ የጀመሩት የግዛቲቱ ዋና ከተማ ሳልቫዶር ገብተው፣ ከታላቁ መምህር ከፓስቲንያ ዘንድ ነው። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ያቆዩት ይህ ጨዋታ በ1890 በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ በ1966 ግን ፓስቲንያ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ለጥቁር ሕዝቦች የጥበብ ፌስቲቫል ሴኔጋል፣ ዳካር ሄዱ። ዡዋው ግራንጂም አብረው ነበሩ።

በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ፓስቲንያ "ሕንፃው ይታደሳል" ተብለው ከትምህርት ቤታቸው ወጡ። ዓይናቸው ጠፋ፣ በ1981 በድህነት ሞቱ። ዡዋው ግራንጂ ካፖዌራውን ትተው ነዳጅ ማደያ ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ አስቆምኩት። "ነዳጅ ማደያ? እሳቸው?" አዎ፣ እሳቸው። በ1980ዎቹ የቀድሞ ተማሪያቸው ሜስትሬ ሞራይስ አግባብተው ወደ ካፖዌራ እስኪመልሷቸው ድረስ። በ1990 ኒው ዮርክ ገቡ፤ ማንሃተን 14ኛ ጎዳና ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያኔ 57 ዓመታቸው ነበር! በ2001 አሜሪካ ለባህል ጥበበኞች የምትሰጠውን ትልቁን ክብር ተቀበሉ። መምህሬም የተማረው እዚያው ነው። እኔ ደግሞ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ "አበቃልኝ" እያልኩ ነበር። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። በማግስቱ ፊዚዮቴራፒ የሚያሠራኝን ልጅ ራሴ ደወልኩለት።

መምህሬ፣ ውለታህን አልረሳም። ሜስትሬ፣ በአካል ባላገኝዎትም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ቅዳሜ ሮዳ፣ ክብ ሠርተን የምንጫወተው የካፖዌራ ጨዋታ፣ አለን፤ ኑና አጨብጭቡልን። ክራንቹን ያዋሳችሁኝ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር ማን እንዳመጣው ጠፍቶብኛልና እባካችሁ ደውሉልኝ። መኪናዬ ውስጥ ነው።