ከእናቱ ቀሚስ ሥር ስለሚገባው ልጅህ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ? እዚህ አደይዋ ረግፋለች፣ የጠዋቱ ብርድም መቆንጠጥ ጀምሯል። ሳንጻጻፍ ሁለት መስቀል አለፈ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንመርምር፤ ዕዳው የጋራ ነው።

መልእክትህ ደርሶኛል። በሰሊጥ ሰሞን መኪና ስትነዳ መተማ ሁለት ሦስት ሳምንት ከርመህ ማራኪ ቤትህ ስትገባ ታናሹ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይገባል፤ ልታቅፈው ስትል ይጮኻል፤ አንተም «ልጄ ጠልቶኛል» ብለህ ደምድመሃል። አልጠላህም። ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ፤ ገንዳ ውሃ ላይ ተራ ስትጠብቅ አንብበው።

የሁለት ዓመት ልጅ ቀን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጄምስ ሮበርትሰንና ጆን ቦልቢ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ተኝተው ከወላጅ የተለዩ ሕፃናትን ሲከታተሉ ሦስት ደረጃ አዩ። መጀመሪያ ልጁ ያለቅሳል፣ በር በሩን ያያል። ቀጥሎ ይተክዛል። በመጨረሻ የተወው ይመስላል፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ወላጁ ሲመጣ ግን ፊቱን ያዞራል። የአንተ ልጅ እናቱ አብራው ስላለች ነገሩ በጣም ይቀልለታል፤ ፊት ማዞሩ ግን የዚያው ዘር ነው። የናፈቀ ልጅ ሁልጊዜ ሮጦ አይጠመጠምም።

ደግሞ «እናቱ አለችለት፣ እኔ ምን አደርግለታለሁ» የምትለውን ተው። ሻፈርና ኤመርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ግላስጎው ውስጥ 60 ሕፃናትን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያሳትሙ፣ ልጆቹ ዓመት ተመንፈቅ ሲሞላቸው ከአራቱ ሦስቱ ከአባታቸው ጋርም ተጣብቀው ነበር። ልጅ የሚጣበቀው ላበላውና ላጠበው ብቻ አይደለም፤ ለምልክቱ ቶሎ መልስ ለሚሰጠው ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ልጁ ከእናቱ ጋር ያለው ትስስርና ከአባቱ ጋር ያለው ለየብቻ ይሠራሉ። አንዱ ጠንካራ ሆኖ ሌላው ላላ ሊል ይችላል፤ የላላው በሌላው አይተካም፣ ግን ሊጠነክር ይችላል።

እንግዲህ አገባብህን እንይ። የምታደርገውን ሳላይ አውቀዋለሁ፦ በሩ ላይ ቆመህ «የኔ አንበሳ! ና ሳመኝ!» ትላለህ፤ ያፈገፍጋል፤ እናቱ «አባዬ እኮ ነው፣ አታፍርም?» ትላለች፤ አንተ ከእቅፏ ትወስደዋለህ፤ ይጮኻል። ከታች ሆኖ ሲያይህ ጺሙ ያደገ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ድምፁ ቤቱን የሞላ ረጅም ሰው ነህ።

በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ ታጠብና ልብስህን ቀይር። ከዚያ ባለቤትህን ሰላም በል፤ ረጋ ብላችሁ አውሩ። ልጁ አንተን የሚመዝነው በእናቱ ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ሙከራ አለ፦ የአንድ ዓመት ሕፃናትን ከሥሩ ገደል ያለ በሚመስል የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። እናት ማዶ ሆና በደስታ ስታያቸው ከ19ኙ 14ቱ ተሻገሩ፤ የፍርሃት ፊት ስታሳያቸው ከ17ቱ አንድም አልተሻገረም። ስለዚህ በስልክ የተጨቃጨቃችሁበት ነገር ካለ ለማታ ይደር።

ቀጥሎ ምንጣፉ ላይ ቁጭ በል፤ ከልጁ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎንህን ሰጥተህ። አትጥራው። ጣሳ ወይም የድስት ክዳን አንሳና ተጫወት። እርሱ ሁለቴ ኳ ኳ ካደረገ አንተም ሁለቴ ምታና ጠብቅ፤ ተራው የእርሱ ነው። መጀመሪያ ያይሃል፣ ከዚያ አንድ ነገር ይወረውርልሃል ወይም ያቀብልሃል። ተቀበልና መልስለት፤ ያኔም እጁን አትያዘው። ብዙ አባት የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ልጁ አንድ እርምጃ ሲቀርብ እርሱ ሦስት ይሄዳል። ራሱ መጥቶ ጉልበትህን እስኪደገፍ ጠብቅ። አሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ አንድ ሰዓትም፤ ከረጅም ጉዞ በኋላ ለማግስቱም ሊያድር ይችላል።

ብስኩቱን አታስቀድም። በር ላይ ፌስታል ከዘረጋህ ልጁ የሚጠብቀው አንተን ሳይሆን ፌስታሉን ይሆናል። ከተላመዳችሁ በኋላ ስጠው።

ስትሄድም ተደብቀህ አትውጣ። እንዳያለቅስ ብሎ ሲተኛ ውልቅ ማለት በየቤታችን የተለመደ ነው፤ ልጁ የሚማረው ግን አባት ዞር ሲሉ የሚጠፋ ነገር መሆኑን ነው፤ ኋላ እናቱ ጓሮ ስትወጣ እንኳ እየተከተለ ይነፋረቃል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የምትነሳ ከሆነ ማታውኑ ንገረው፦ «ነገ ስትነቃ አባዬ የለም። መኪና ይነዳል። ይመለሳል።» ሁልጊዜ በዚያው ቃል፣ ሁልጊዜ እንኮኮ አድርገህ እስከ በሩ ወስደህ። ካለቀሰ ያልቅስ፤ እናቱ አለችለት። በስልክም «አባዬ በል! በል እንጂ!» እያላችሁ አታስጨንቁት። በቪዲዮ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል፤ ፊትህን በጋቢ ሸፍነህ ብቅ ማለት ከንግግር ሁሉ ይሻላል።

አንዴ ከተላመደህ ደግሞ የመታገል ጨዋታው ይጀመራል፤ አንተ «ጨዋታ ነው» ትላለህ፣ ባለቤትህ «ልጁን አሳበድከው» ትላለች። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል። መታገልና መንከባለል ልጅ ደሙ ሲሞቅ መልሶ መብረድን የሚለማመድበት ነው። ጀርመን ውስጥ ለ16 ዓመት ቤተሰቦችን የተከታተሉት ግሮስማንና ባልደረቦቻቸው፣ አባት ከሁለት ዓመት ልጁ ጋር ሲጫወት የሚያሳየው ማስተዋል ልጁ ጎረምሳ ሆኖ ስለ ቅርበት ከሚያስበው ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። ግን ልጓሙ በአባት እጅ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 85 ልጆችን ከአባቶቻቸው ጋር ሲታገሉ አይቶ፣ ብዙ ትግል ከተደባዳቢነት ጋር የተያያዘው አባትየው ጨዋታውን ባልመራባቸው ልጆች ላይ መሆኑን አሳየ።

ልጓም ስልህ ይህን ነው፦ ብዙ ጊዜ ውደቅለት፣ አንዳንዴ ግን አሸንፍ። «በቃ» ካለ በዚያችው ቅጽበት ልቀቀው፤ እየሳቀ ቢሆንም። ኩርኮራ ላይ በተለይ፣ ሳቁ ሳይወድ የሚመጣ ስለሆነ ቀጥል ማለቱ አይደለም። ሳቁ ወደ ጩኸት ከተለወጠ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ዓይኑን ካሸ፣ ወይም እውነተኛ ቡጢ ከሰነዘረ አልፈሃል፤ ቁጭ አድርገው፣ ውኃ ስጠው። አሥር ደቂቃ በቂው ነው፤ ከመኝታ በፊት ባለው ሰዓት ግን አይሆንም። ሁለቱን እጆቹን ይዘህ አታሽከርክረው፣ በአንድ ክንዱም አታንጠልጥለው። በዚህ ዕድሜ የክርን ማሰሪያው ገና ላላ ስለሆነ በቀላሉ ይወልቃል፤ ከብብቱ ሥር ያዘው።

ትግል የማያምርህ ቀን ደግሞ አይክፋህ። ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት የአካ ሕዝብ አባቶች ከቀኑ 47 በመቶ ያህሉን ሕፃናቸውን ታቅፈው ወይም እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አድርገው እንደሚውሉ አንትሮፖሎጂስቱ ባሪ ሂውሌት መዝግቧል፤ ትግልና ማሽከርከር ግን አያውቁም ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው በጣም ይወዷቸዋል።

የታላቋ ነገር ሌላ ነው። አንተ በገባህ ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ትላለች ብለሃል። አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ አሳዩዋት፤ ጃርዲያም ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተገኘ ቋንቋችንን አስብ፦ ሆድ ባሰን፣ ሆዳችን ባባ፣ ሆዳችን ሻከረ እንላለን። የሰባት ዓመት ልጅ ጭንቀቷን ሆዷ ላይ ብታገኘው አይግረምህ፤ የተጨነቁ ልጆች ሆዴን ማለታቸው በየአገሩ የታወቀ ነው።

«ለምን?» ብለህ አትጀምር። ምክንያቱን ራሷም አታውቀው፤ «ለምን» ደግሞ ክስ ይመስላታል። ሁለት ቃል አቅርብላት፦ «ተናደድሽ ወይስ ሆድ ባሰሽ?» ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተናደደ ልጅ ጥቂት እንዲተዉት ይፈልጋል፤ ሆድ የባሰው ሰው እንዲጠይቀው ይፈልጋል፣ ትተኸው ብትሄድ ታብስበታለህ። ቅናት ደግሞ ሌላ ነው። ታናሹን ታቅፈህ ስታይህ ፊቷ የሚለዋወጠው በቅናት ነው፤ ግን «ቀናሽ እንዴ?» ብለህ ከሳቅህ ቃሉን ስድብ አደረግኸው። «እሱን ብቻ ሳቅፍ ቅር አለሽ» በላትና ዝም በል። ወንድሟን ከመታችም ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፦ ስሜቱ ይቅደም፣ ክልከላው ይከተል። «ተናደሻል፣ አይቻለሁ። መምታት ግን አይቻልም።» ክልከላው ከቀደመ ጆሮዋ ተዘግቷል፤ ቀሪውን አትሰማም። ታናሹንም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት፤ ልቅሶው አይቆምም፣ አንተ ፊት ማልቀስ ግን ይቆማል።

ሁሉንም በትክክል አትሠራም፤ አያስፈልግምም። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ እናቶችና ሕፃናት ሲጫወቱ ሲያጠና የሚገጣጠሙት 30 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ዋናው ሥራ ከተሳሳቱ በኋላ መልሶ መገናኘቱ ነው። ስትጮህባቸው «ቅድም ጮህኩባችሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» በል፤ «ግን እናንተም…» የሚለውን ጅራት አትቀጥልበት፣ የቀደመውን ይሰርዘዋል። እኛ አገር አባት ለልጁ ይቅርታ ከጠየቀ ክብሩ የሚወርድ ይመስለዋል፤ እኔ አልስማማም።

አሁን ስላንተ። ዝምታህ ካሳሰበኝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ ሚስታቸው ካረገዘችበት አንሥቶ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ከአሥር አባቶች አንዱ ያህል በድብርት እንደሚያልፍ አሳይቷል። ወንድ ላይ ሁልጊዜ እንባ ሆኖ አይወጣም፤ ቁጣ፣ መጠጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቤት ደርሶ መኪናው ውስጥ ሞተር አጥፍቶ መቀመጥ ሆኖ ይታያል። ከነዚህ ያለብህ ካለና ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከመንገድ ድካም ነው አትበል፤ ሐኪም አነጋግር፣ አብሬህ እሄዳለሁ።

በሚቀጥለው ስትገባ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጥክ ጀምሮ ልጁ ጉልበትህን እስኪነካ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ሰዓት ያዝና ጻፍልኝ።

ወዳጅህ